ብሩሽ በር ተሸክሞ ፍርድ ቤት የሄደ ዕለት

ሰፈሩ «ብሩሽ» ይለዋል። በግድግዳና በቆርቆሮ ላይ የሱቆችን ስም የሚጽፍ ሰው ነው፤ በእጁ የሚያማው የለም። አንድ ክፉ አመል ግን አለው። ጠዋት ጠዋት ቀለም ሲበጠብጥ ውፍረቱን የሚሞክረው በገዛ ሱቁ በር ላይ ነው። በሩ ፊደል በፊደል ላይ ተደራርቦበት፣ እንጨቱ ምን ይመስል እንደነበር ባለቤቱም ረስቶታል።

አንድ ቀን ከፍርድ ቤት ሁለት ሰዎች መጡና ኮምፕሬሰሩን መዝግበው ሄዱ። ኮምፕሬሰሩ ትልልቁን ሥራ ቀለም የሚረጭበት ማሽን ነው፤ እሱ ከሄደ የቤተሰቡ ጉሮሮ ተዘጋ ማለት ነው። ለካ ቀለም በዱቤ የሚሰጠው ነጋዴ ከሶት፣ ብሩሽ ሳይቀርብ ቀርቶ በሌለበት ተፈርዶበታል። ቀጣዩ ሐራጅ ነው።

«ማን ጠርቶኝ ነው የቀረሁት?» ብሎ ጮኸባቸው።

«መጥሪያውማ በርህ ላይ ተለጥፎ ነበር» አሉት።

ሰዎቹ ሲሄዱ ሚስቱ ቢላ አንስታ በሩን ትፍቅ ጀመር። ከቀዩ ሥር ሰማያዊ፣ ከሰማያዊው ሥር ወረቀት፣ ወረቀቱ ላይ ማኅተም።

«አንተ ሰውዬ! መጥሪያውን ቀለም ቀብተኸዋል እኮ!» አለች። ትሳቅ ታልቅስ ጨንቋት ነበር።

በማግሥቱ ባልና ሚስት ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ማመልከቻ ወደምትጽፍ ሴት ሄዱ።

«ምን አስደነገጠህ ወንድሜ፣ ገና ምን ታየና!» አለችው። «የቀረህበት በቂ ምክንያት ካለህ፣ ፍርዱ ይነሳልኝ ብለህ ለፈረደብህ ለዚያው ፍርድ ቤት ታመለክታለህ። እስኪወሰንም ሐራጁ ይታገድልኝ ትላለህ። ጊዜ ግን አለው፤ ካለፈብህ የሚሰማህ የለም። እምቢ ካሉህ ይግባኝ አለ። ከሰውዬው ጋር ተስማምቶ በየወሩ መክፈልም አለ። ለመሆኑ ዕዳው አለብህ?»

«ግማሹ አለብኝ። ግማሹን የቀለም ጣሳ ግን ቀለሙ ደርቆ ስላገኘሁት መልሼለታለሁ።»

«ታዲያ ይሄንን ነዋ የምትናገረው!» ብላ ወረቀቷን ሳበች።

ቀጠሮው ሲደርስ ብሩሽ በሩን ነቅሎ፣ አንዱን ጫፍ ለሚስቱ ወንድም አሸክሞ ፍርድ ቤት ደረሰ። ጥበቃው ሁለቱን ከላይ እስከ ታች አያቸው። «እኛ እኮ በር አላነሰንም» አለ። መንገዱን ሙሉ አማቹ «ጭራሽ አላየሁትም በል፣ ማን ያውቅብሃል?» እያለ ሲወተውተው ነበር የመጣው።

ዳኛዋ በሩን ትክ ብለው አዩት። «መጥሪያው ተለጥፎ አላየህም?»

 ብሩሽ አላየሁም ቢል ኮምፕሬሰሩ የሚተርፍ መሰለው። አማቹ ከኋላ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አይቻለሁ፣ ክብርት ዳኛ» አለ ብሩሽ። «የሆነ ማስታወቂያ መስሎኝ ሳላነበው ቀባሁበት። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው እንዲያነብልኝ ስጽፍ ኖሬ፣ ለእኔ የተጻፈውን ሳላነብ ቀረሁ። ዕዳው ግማሹ አለብኝ፣ አልክድም። ግማሹን ግን አከራክሩኝ።»

ዳኛዋ ብዙ ጻፉ። ከዚያ ቀና ብለው፣ መጥሪያው ሳይነበብ መቀባቱን በሩ እንደሚመሰክር ገልጸው፣ ፍርዱ መነሳቱን፣ ሐራጁ መቆሙንና ክርክሩ እንደገና እንደሚሰማ ተናገሩ። ብሩሽ በሩን ተደገፈ።

ኮሪደሩ ላይ ነጋዴው ጠበቀው።

«ለምንድን ነው የጠፋህብኝ?»

«አፍሬ ነዋ። ግማሹንም የምከፍልህ አልነበረኝም፤ በሱቅህ በኩል ማለፍ ሞት ሆነብኝ።»

«እኔ ደግሞ የካድከኝ መስሎኝ ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ። የመለስካቸውን ጣሳዎች እንኳ ሳልቀንስ ከሰስኩህ» አለ ነጋዴው፣ መሬት መሬቱን እያየ።

ብሩሽ አፉ እየተያያዘበት «በየወሩ ትንሽ ትንሽ ብሰጥህስ?» አለው።

«ይቺን ቃል እኮ ነው መጥተህ እንድትነግረኝ ስጠብቅ የኖርኩት!» አለ ነጋዴው። ይቺን ቃል ለመናገር በር ተሸክሞ ፍርድ ቤት መምጣት አያስፈልግም ነበር። የነጋዴው ሱቅ ከብሩሽ ሱቅ የሚርቀው አንድ መታጠፊያ ብቻ ነው።