የካናዳው አጎት ቀብር

አጎቴ አሎይዚ አጎቴ አይደሉም። ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ ጎረቤታችን ናቸው፤ እዚህ ፖላንድ፣ ሲሌዥያ ያደገ ልጅ ግን ጎረቤቱን ሁሉ አጎት እያለ ነው የሚያድገው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩት አውቶቡስ መናኸሪያ ነው። በድምፅ ማጉያው «ወደ ግሊቪትሴ የሚሄደው አውቶቡስ ከሦስተኛው በር ይነሳል» የሚሉት ሰውዬ እሳቸው ነበሩ። ወፍራም፣ ቀጥ ያለ፣ ደስታም ሐዘንም የማይነካው ድምፅ አላቸው። አውቶቡሱ ተበላሽቶ ቀርቷል ሲሉም መልካም ገና ሲሉም ያው ነው።

የሰፈራችንን ልጆች ያሳደገው ይህ ድምፅ ነው። በሰማንያዎቹ መጨረሻ የቤቶች ማኅበራችን ለራሱ ትንሽ የኬብል ቴሌቪዥን ዘረጋና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ «ጎታቾቹ» የሚባል የአሜሪካ ተከታታይ ፊልም ማሳየት ጀመረ። ቦርጫሙ ዌንደልና ሴት ልጁ ዶቲ በቢጫ ጎታች መኪናቸው ሌባ ያሳድዳሉ። መኪና ይገለበጣል፣ ድልድይ ይናዳል፣ ጀልባ በርሮ ጎተራ ውስጥ ይገባል፣ ሰው ግን አይሞትም። ሌቦቹ ከተጨረማመተው መኪና እየዳሁ ይወጡና ባርኔጣቸውን አራግፈው ይሳደባሉ። አቤት ስንወደው! ቅዳሜ በዚያ ሰዓት ግቢው ውስጥ ድመት እንኳ አይታይም ነበር።

እኛ አገር የውጭ ፊልም የሚታየው በአንድ ሰው ድምፅ ነው። ተዋንያኑ ከስር በቋንቋቸው ሲያጉረመርሙ፣ አንድ አንባቢ ከላይ ሆኖ የሁሉንም ያነባል፤ የአባትየውንም፣ የልጅቷንም፣ የሌባውንም። አንባቢ አይጮህም፣ አይስቅም፣ አያለቅስም። የ«ጎታቾቹ» አንባቢ አጎቴ አሎይዚ ነበሩ። ትክክል ይሁን አይሁን የሚያጣራ ሰው አልነበረም፤ ትምህርት ቤት የተማርነው ሩሲያኛ ነው። ዶቲ የሌባውን መኪና በሰንሰለት ስትጎትት «አያ ሌባ፣ ሾርባህን ሳትጨርስ ወዴት ነው?» ይሉ ነበር፤ ያ ንግግር እስከ ዛሬ በሰፈራችን ይባላል፤ ቄሱም ሳይቀሩ ከቅዳሴ ሾልኮ የሚወጣን ሰው እንደዚያ ይሉታል።

ከክፍሎቹ ሁሉ የሚወደደው የካናዳው አጎት ቀብር ነበር። የዌንደል ሀብታም አጎት ይሞታሉ። ስስታም ስለነበሩ ሀብታቸውን በሙሉ ለድመታቸው አውርሰዋል፤ ዶቲ መቃብሩ ላይ ስቅስቅ ብላ የምታለቅሰው በዚያ ተናዳ ነው። ዌንደል ሳልሞን ሊያጠምድ አላስካ ስለሄደ ቀብሩ ላይ የለም። ከዚያ በኋላም ዌንደልን አላየነውም፤ ግን በየክፍሉ መጨረሻ ላይ ዶቲ የመኪናዋን ራዲዮ ስታነሳ አጎቴ አሎይዚ «ዌንደል ከአላስካ ሰላም ብሏል፤ ዓሣው በዝቷል» ብለው ያነባሉ። እኛም ተደስተን ወደ ራታችን እንሄዳለን።

የእኔ አባት የሞተው ያ ክፍል ከመታየቱ በፊት፣ በዚያው ክረምት ነው። የሚሠራበት የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ተደረመሰ፤ የሬሳ ሣጥኑ ተዘግቶ መጣ። ስምንት ዓመቴ ነበር። እዚያ ውስጥ አባትሽ አለ አሉኝ፤ እኔ ግን አላየሁትም።

ዘንድሮ አጎቴ አሎይዚ ሰማንያ ሞላቸው። የሰፈሩ የባህል ቤት ውስጥ የ«ጎታቾቹ» ትዝታ ዝግጅት ላደርግላቸው አሰብኩ። የምሠራው ፋርማሲ ስለሆነ ሰው ሁሉ መድኃኒቱን ሊገዛ ሲመጣ እየያዝኩ ጠራሁ። ፊልሙን ከውጭ አስመጣሁ፤ ኦሪጅናሉን፣ ጥርት ያለውን። ከዚያ ደወልኩላቸው።

«የትኛውን ክፍል ነው የምታሳዪው?» አሉኝ።

«የካናዳውን አጎት ነዋ!»

«የዝይዎቹን ክፍል አሳዪ፣ አልዶንካ። ዝይዎቹ ይሻላሉ።»

«አጎቴ ደግሞ! ዝይ ለማየት ማን ከቤቱ ይወጣል?»

«እንዲያውም ምንም ባታሳዪስ? ኬካችንን በልተን፣ ሻያችንን ጠጥተን እንበተን።»

«ኧረ ምን ሆነዋል? ከስር በእኛው ቋንቋ ጽሑፍ አለው እኮ፤ እርስዎ ቁጭ ብለው መስማት ብቻ ነው።»

«ጽሑፍ አለው?»

«አለው።»

«እንግዲህ እንደፈቀድሽ» ብለው ስልኩን ዘጉት። እኔ ጅሏ ትሕትና መሰለኝ።

በዕለቱ አዳራሹ ጢም አለ። ግማሹ ሰው ቢጫ ቆብ አድርጎ ነው የመጣው። እናቴ ክሪስታ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። አጎቴ አሎይዚን መድረኩ ላይ፣ ከድሮው ማይክሮፎናቸው አጠገብ አስቀመጥናቸው። ዓይናቸው ስለደከመ ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ አይችሉም፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ፍርዱን እንደሚጠብቅ ሰው ተቀመጡ።

ፊልሙ ጀመረ። ዶቲ ሰንሰለቱን ስትወረውር አዳራሹ በአንድ ድምፅ «አያ ሌባ፣ ሾርባህን ሳትጨርስ ወዴት ነው?» አለ። ከስር የተጻፈው ግን «ፍሬኑን ልቀቅ» ይላል። ሰው ሳቀ። ቀጥሎ ሌባው ተናገረ፤ እሱም እኛ እንደምናውቀው አይደለም። የሦስተኛው ንግግር ጽሑፍ ሲመጣ የሳቀ የለም። ከንፈራቸው ያው፣ ልብሳቸው ያው፣ መኪናው ያው፤ ወሬው ግን የሌላ ሰው ወሬ ነው!

ከዚያ ቀብሩ መጣ። ፓስተሩ መጽሐፉን ገለጠ፤ ከስር እንዲህ ተጻፈ፦ «ዛሬ የምንሸኘው ወንድማችንን ዌንደልን ነው።»

እኔ ራሴ ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ካናዳ የለም። አጎት የለም። ድመት የለም። አላስካም የለም። ሳላውቀው ፊልሙን አቆምኩት፤ ዶቲ መቃብሩ አፍ ላይ እንደቆመች ቀረች።

መጀመሪያ የተነሳው ጡረተኛው ሄልሙት ነው። «አሎይዚ! ምን ጉድ ነው ይሄ?»

«ጉድ ነው» አሉ አጎቴ አሎይዚ።

«ጀርመን ያለው አማቼ ያኔ ለገና መጥቶ ዌንደል እኮ ሞቷል ቢለኝ ከማዕድ አስነስቼ አባረርኩት! ይኸው እስከ ዛሬ አንነጋገርም! ለአላስካ ብዬ!»

«ደውልለት።»

«ምን ብዬ ልደውልለት? አንተ እንግሊዝኛ ታውቃለህ አይደል እንዴ?»

«እኔ? አንዲት ቃል አላውቅም።» ድምፃቸው ያው የአውቶቡስ ድምፅ ነው። «ትርጉሙን የሚጽፍልኝ ኖርበርት ወደ ጀርመን ኮበለለ። ካሴቱ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ቅዳሜ ደርሷል፤ ልጆቹ ተሰብስበዋል። ምን ላድርግ? እያየሁ አነበብኩ።»

«ምኑን ነው የምታነበው?»

«የመጣልኝን።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሌላው «ዝም በል» አለው። እኔ ግን ሳቁም ቁጣውም አልሰማኝም። መድረኩ ላይ ወጥቼ ፊታቸው ቆምኩ።

«ሌላው ይሁን። ዌንደልን ለምን? ዌንደል መሞቱ ዓይነ ስውር እንኳ ይገባዋል እኮ!»

«ገብቶኝ ነበር» አሉ። «ካሴቱን ቀድሜ አየሁት። ሣጥኑ ወረደ፣ ልጅቷ አለቀሰች፤ ይሄ ትርጉም አይፈልግም።» ከዚያ ወደ እኔ ድምፅ ዞሩ። «የቤት ማሞቂያው ቧንቧ ከእናንተ ቤት ወደ እኛ ነው የሚወርደው፣ ልጄ። ያኔ የምትናገሪው ሁሉ ይሰማኝ ነበር። እናትሽን 'የአባዬ ፈረቃ መቼ ነው የሚያልቀው?' ትያታለሽ። በየቀኑ። ታዲያ በዚያ ላይ 'አባትየው ሞተ' ብዬ ላንብብልሽ? በዚህ ድምፅ? አልቻልኩም። እንግዳ ሰው ፈልጌ ቀበርኩ።»

ቢበቃኝ ጥሩ ነበር። ግን ተናድጄ ነበር፤ አፌን መያዝ አልቻልኩም።

«እኔ እኮ አመንኩዎት!» አልኩ። «የቅዱሳን ሁሉ ቀን እማዬ አበባና ሻማ ይዛ መቃብሩ ጋ ስትወስደኝ ምን እንዳልኳት ያውቃሉ? ይሄ እኮ የካናዳው አጎት ነው አልኳት። አባዬ ሌላ ቦታ ነው፣ ሰላም እስኪለን እንጠብቅ አልኳት። አለቀሰች። እኔ ደግሞ በድመቷ ተናዳ ነው አልኩ። አድጌ ገባኝ፤ ገብቶኝም አፌ እምቢ አለ። በየዓመቱ ሻማ አበራለሁ፤ ግን እዚያ መቃብር ላይ 'አባዬ' ብዬ ጠርቼው አላውቅም። አንድም ቀን!»

አጎቴ አሎይዚ ደነገጡ። ያ ደስታም ሐዘንም የማይታይበት ፊታቸው እንዲህ ሲሆን አይቼ አላውቅም። እናቴ ፊተኛው ወንበር ላይ መሐረቧን አፏ ላይ ይዛለች። ሄልሙት ቆቡን አወለቀ።

«ይሄን አላወቅሁም» አሉ አጎቴ አሎይዚ። «በቧንቧው አልተሰማኝም።»

ልወቅሳቸውም ላቅፋቸውም እኩል አማረኝ፤ አንዱንም ሳላደርግ ቆምኩ።

«አልዶንካ» አሉ ቀስ ብለው፤ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይሄን ሁሉ ዓመት ከንፈሯን ሳስበው ኖሬያለሁ። ልጅቷ መቃብሩ ላይ ምን ነበር ያለችው? እኔ ድመቷን ዘባረቅሁ እንጂ የእሷን አላወቅሁም። ዓይኔ አያነብልኝም። አንብቢልኝ።»

ፊልሙን አስነሳሁት። ዶቲ የመኪናውን ቁልፍ ከኪሷ አወጣች። ጽሑፉ መጣ። ማይክሮፎኑ ክፍት መሆኑን ያወቅሁት የራሴ ትንፋሽ አዳራሹን ሲሞላው ነው። እሳቸው እንደሚያነቡት፣ ቀጥ አድርጌ፣ አውቶቡስ እንደሚያስነሳ ሰው ላነብ ፈለግሁ።

«አባ...» ብዬ ቀረሁ።

አጎቴ አሎይዚ እጄን ፈልገው ያዙት። «አንባቢ አያለቅስም» አሉኝ። እሳቸው እያለቀሱ ነበር።

ጽሑፉ ሊጠፋ ሲል አነበብኩት። «አባዬ፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ደህና እደር።»