አልጠቆረችም፣ ጥቁር ናት

ጁባ ውስጥ ቤቷ ተቀምጣ ጥቁርና ነጭ ፎቶ የምታትም ሐበሻ ከእኔ ሌላ ያለች አይመስለኝም። ይህን የምለው ልኮፈስ ብዬ አይደለም፤ የሚያስኮፍስ ነገር የለውም። ከሰኞ እስከ ዓርብ የአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ጭነት የት ደረሰ እያልኩ ስልክ ላይ ስጮህ እውላለሁ፤ ቅዳሜ ደግሞ ኮር ዊሊያም ሰፈር በተከራየኋት ቤት ውስጥ ከፕሪንተር ጋር ስጣላ እውላለሁ። ፕሪንተሩ የመጣበት ካርቶን ላይ «የስቱዲዮ ጥራት በቤትዎ» ይላል። ይህን የጻፈው ሰው በበጋ ጁባ ከርሞ ቢሆን ኖሮ እጁን ይሰበስብ ነበር። አቧራው በር ሲዘጉበት በመስኮት፣ መስኮት ሲዘጉበት በቁልፍ ቀዳዳ ይገባል። ሙቀቱ ደግሞ ቀለሙን ገና ከፕሪንተሩ ሳይወጣ መርጫ ቀዳዳው ላይ ያደርቀዋል። ጥቂት ቀን ሳልነካው ከሰነበትኩ ያተምኩት ሰው ሁሉ በግንባሩና በአገጩ መካከል ነጭ መስመር ተሰምሮበት ይወጣል፣ ድንበር የተካለለበት ይመስል።

ደግሞስ «ጥቁርና ነጭ» ይባል እንጂ ማሽኑ ጥቁር መሥራት አይወድም። ዝም ብለው ካዘዙት ሰማያዊውን፣ ቀዩንና ቢጫውን ደባልቆ ጥቁር ነው ብሎ ያቀርባል። ፎቶው መስኮት ጋ ሲያዩት ሐምራዊ፣ አምፖል ሥር ሲያዩት አረንጓዴ ይሆናል። አንድ የሥራ ባልደረባዬን እንዲህ አድርጌ አትሜ ብሰጠው ሚስቱ ጉበትህን ተመርመር ብላ መውጫ አሳጥታዋለች። ስለዚህ ባለቀለሞቹን እንዳይነካ ከልክዬ፣ በጥቁሩና በግራጫው ብቻ እንዲሠራ አስገድጄ፣ የማያብለጨልጭ ወፍራም ወረቀት ከካምፓላ አስመጥቼ ነው ሰው የሚመስል ሰው የማወጣው።

ይህን ሁሉ ደክሜ ያወጣሁትን የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ሲያዩት የሚሉት ነገር አንድ ነው። «ቀለም አልቆብሽ ነው?» ይሉኛል። ትንሽ ጨዋ የሆኑት «ፎቶ ኮፒው ያምራል» ይላሉ። ከሁሉም የምትብሰው የሴቶች ኅብረት መሪያችን ናት። አንድ ጊዜ ልጇን አትሜ ብሰጣት «እህቴ፣ ልጄ እኮ በሕይወት አለ፣ ጌታ ይመስገን» ብላ መለሰችልኝ። በእሷ ቤት ጥቁርና ነጭ የሙታን ነው።

ነገሩ ግን የቀለም ማለቅ አይደለም። እኛ ሐበሾች ጥቁር ሰው የለንም። ጠይም አለን፣ የቀይ ዳማ አለን፣ ብስል ቀይ አለን፤ ከሰል የመሰለው አጎታችን እንኳ «ጠየም ያለ» ነው። ጥቁር ማለት ሌላው ሰው ነው። መጥቆር ደግሞ በሽታ ነው። ለእረፍት አዲስ አበባ ስገባ ዘመዶቼ ገና ሳይስሙኝ «ምነው ጠቆርሽ? ጁባ ጎዳሽ አይደል?» ይሉኛል። እንግዲህ ይህን አመላችንን ይዘን ነው እነዚህ ረጃጅም፣ ጥቁር፣ በጥቁረታቸው የማያፍሩ ሰዎች አገር መጥተን ሱቅ የከፈትነው፣ ደመወዝ የምንበላው። ፎቶ ቤት ገብተን «ቀላ አድርገኝ» ስንል ደግሞ አጠገባችን ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ይሰማናል እንኳ አንልም።

ከመዘምራኖቻችን መካከል አንዲት ደቡብ ሱዳናዊት ወጣት አለች። በእናቷ ጀርባ ታዝላ ከጦርነት ሸሽታ አዲስ አበባ ያደገች፣ ትልቅ ሰው ከሆነች በኋላ ብቻዋን ወደ ጁባ የተመለሰች ናት። አማርኛዋ ሽሙጥ ያውቃል፤ እኔም የወደድኳት በዚያ ነው። እናቷ ግን አዲስ አበባ ቀርታ እዚያው አረፈች፣ እዚያው ተቀበረች። ልጅቷ ለቀብሩ መድረስ አልሆነላትም። አትላባራ ሰፈር ባለው ግቢዋ ድንኳን ተተከለ፣ የፕላስቲክ ወንበር ተደረደረ። አስከሬን የሌለበት ለቅሶ ስለሆነ የሟች ፎቶ በትልቁ ታትሞ ጠረጴዛ ላይ ይቁም ተባለ። መሪያችን እኔን ማማከር ሳያስፈልጋት ፎቶውን ከልጅቷ ስልክ አስላከችና ካስተም ገበያ ወዳለ የሐበሻ ፎቶ ቤት ይዛው ሄደች።

ከሥራ ወጥቼ ለቅሶ ስደርስ ጠረጴዛው ላይ በወርቃማ ፍሬም አንዲት የቀይ ዳማ ሴት ቆማለች። ፊቷ የተወለወለ ሳህን ነው። ከኋላዋ ደመናና የብርሃን ጨረር ተጨምሮላታል። ይህቺ ማን ናት ብዬ ልጠይቅ ስል ቀድማኝ የጠየቀች ሰው ነበረች።

የሟች ታላቅ እህት ናት። ከማላካል ወገን በጀልባ መጥታ ያን ቀን መድረሷ ነው። ሁለቱ እህትማማቾች ጦርነቱ ከበታተናቸው ወዲህ ተያይተው አያውቁም። አሮጊቷ ፎቶውን ትክ ብላ አየችና ወደ እኛ ዞራ በጁባ ዓረብኛ «ደ ሙኑ?» አለች። ማናት ይቺ? ማለቷ ነው። እህትሽ ናት ተባለች። ራሷን ነቀነቀች። በቋንቋቸው ረዘም ያለ ነገር ተናገረች፣ ከዚያ ሸክም እንደወረደለት ሰው እፎይ ብላ ተቀመጠችና ሻይ ጠየቀች።

«ምን አለች?» አልኳት ልጅቷን።

«ተሳስታችኋል አለች። ይቺን ሴት አላውቃትም፣ የሞተችው የሌላ ሰው እህት ናት፣ የእኔዋ ደህና ናት አለች።»

ልጅቷ ስልኳ ላይ ያለውን ዋናውን ፎቶ ብታሳያት የአሮጊቷ ዓይን ለትንሽ ነገር አልሆነም፤ ስልኩን በእጇ ገፋ አደረገችው። በማግስቱም ያው ነው። ለቅሶ ሊደርስ የመጣውን ሁሉ አጠገቧ እያስቀመጠች ስሕተት መሆኑን ታስረዳለች፤ ሌላውን ታጽናናለች እንጂ አታለቅስም። ይዛው የመጣችውን ጓዝ እንኳ አልፈታችም። ጀልባ እንደተገኘ እመለሳለሁ፣ እህቴ ስትመጣ ቤት ታጣኛለች ትላለች።

ልጅቷ ከድንኳኑ ጀርባ ወሰደችኝ። «እናቴን በልጅነቷ የሚያውቅ ሰው ከእሷ ሌላ አልቀረኝም» አለችኝ። «እሷ ሳታውቃት ከሄደች እዚህ አገር ለእናቴ የማለቅሰው እኔ ብቻ ነኝ። እባክሽ፣ አንቺ አትሚልኝ።»

ስልኳን ተቀብዬ አየሁ። እናትየው በር ላይ ተቀምጣለች፣ ብርሃኑ ከጎን መጥቶላታል፤ ጥቁር፣ ቆንጆ ሴት ናት። ከቅንድቧ በላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ እንደ ጨሌ የተደረደረ ጠባሳ አለ። በልጅነት የሚወጣላቸው የወገናቸው ምልክት ነው። ከግራ ቅንድቧ በላይ አንድ ቦታ ላይ ድርድሩ ይዘላል፣ ባዶ ነው። ጠረጴዛው ላይ የቆመችው ሴት ግንባር ላይ ከዚህ ሁሉ አንዱም የለም።

ካስተም ሄድኩ። ከዩጋንዳ የመጡ የጭነት መኪኖች መንገዱን ዘግተው ሽንኩርት ያራግፋሉ፤ በመካከላቸው ተሹለክልኬ ፎቶ ቤቱ ደረስኩ። ባለቤቱ ያገሬ ልጅ ነው። የራሱን ፎቶ በሩ ላይ ሰቅሏል፤ ከፎቶው ሥር ባይቆም ኖሮ እሱ መሆኑን አላውቅም ነበር፣ ያን ያህል አቅልቶታል።

«አትላባራ ያለውን የለቅሶ ፎቶ አንተ ነህ የሠራኸው?» አልኩት።

«አዎ እህቴ፣ ወደዳችሁት?»

«ግንባሯ ላይ የነበረው የት ሄደ?»

«ቡግሩን ነው?» አለ ደስ ብሎት። «አንድ በአንድ አጠፋሁላት። ብዙ ነበር እኮ! ማንም አላዘዘኝም፣ ለነፍሷ ብዬ ነው።»

«ቡግር አይደለም። አንተ እዚህ አገር መቼ መጣህ?»

«ኧረ ቆየሁ! ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ ትንሽ ትንሽ ልመልስላት?»

ትንሽ ትንሽ! ግንባራቸው ላይ እንዲህ ያለ ምልክት ያለባቸው ሰዎች ስንት ዘመን ሙሉ በደጁ ሲያልፉ፣ እፊቱ ቁጭ ብለው ፎቶ ሲነሱ፣ ሰላም ሲሉት ኖረው እሱ ግን የሚያውቀው ቡግር በያዘው ሕዝብ መካከል እንደሚኖር ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው። አንዲት እህት ከእህቷ ጋር እንዳትተዋወቅ ያደረገው ተንኮል ቢሆን እንኳ ይሻለኝ ነበር፤ ደግ ሥራ መስሎት ነው። ጥዬው ወጣሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ልጅቷ እኔ ቤት መጣች። መሪያችንም ተከትላት መጣች፤ የጠራት ሰው አልነበረም። ፕሪንተሩን አጽድቼ፣ የሙከራ ገጽ አስወጥቼ፣ ፎቶውን ሰጠሁት። የመጀመሪያው ወረቀት ጉድ ሆኖ ወጣ። ጥላው ሁሉ አንድ ላይ ተዋጠና ከዓይኗ ነጭ በቀር የሚለይ ነገር ጠፋ፣ ግንባር የለ፣ ጉንጭ የለ። ማሽኑም እንደ እኛ ነው፤ ጥቁር ሰው ሲያይ የሚታየው አንድ ጥቁር ብቻ ነው።

«አየሽ!» አለች መሪያችን ከወንበሯ ብድግ ብላ። «ፊቷ ጠቁሯል እኮ! ይኼማ በሐዘን ላይ ሐዘን ነው። እህቴ፣ ወደ ብርሃን ነው የሄደችው። ትንሽ አብሪያት፣ ሰው ሲያያት ይጽናና።»

መንግሥተ ሰማያት ፊት ማቅሊያ መሆኑን ያን ቀን ሰማሁ። ልመልስላት አፌን ስከፍት ልጅቷ ቀደመችኝ። ድምፅዋን አላነሳችም፤ ሕፃን ፊደል እንደሚያስቆጥር ሰው ቀስ ብላ ነው የተናገረችው።

«እትዬ፣ እናቴ አልጠቆረችም። ጥቁር ናት።»

መሪያችን «እሱማ ነው፣ ተባረኪ» አለችና ተመልሳ ተቀመጠች፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስተካከለች። የገባት አይመስለኝም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ያን ጠዋት ሁለቱም እኔ ቤት ነበሩ።

ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ፊቷን አላቀላሁም። ጥቁሩን ባለበት ትቼ በየጠባሳው ጫፍ ላይ ያረፈችውን ትንሽ ብርሃን ብቻ እየፈለግኩ አወጣሁ፤ ጠባሳ የሚታየው ራሱ ነጭ ሆኖ ሳይሆን ብርሃን ስለሚነካው ነው። ሁለተኛው ወረቀት አፍንጫዋ ጋ ሲደርስ መብራት ሄደ፣ ማሽኑም አፉን ከፍቶ ቆመ። የፕሪንተሩን ፋብሪካ ባለቤቶች ከነዘር ማንዘራቸው ሰደብኩ። መሪያችን ወደ ጣሪያው እያየች «ኢየሱስ» አለች። መብራቱ ሲመለስ እንደገና ጀመርኩ። በዚህኛው ጊዜ መጀመሪያ ሻሿ፣ ቀጥሎ ግንባሯ፣ ቀስ እያለች ወጣች። ጨሌው ከነባዶ ቦታው ወረቀቱ ላይ ነበር። ልጅቷ ዓይኖቿ እስኪወጡ አልጠበቀችም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ እንዲህ ያለ ጥቁር ከዚያ በፊት አትሜ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ቀለሙ ሲደርቅ ሦስታችንም አትላባራ ሄድን። ወርቃማውን ፍሬም ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፋሁትና የእኔን ለአሮጊቷ እጇ ላይ ሰጠኋት። ወደ ድንኳኑ መግቢያ፣ ወደ ብርሃኑ አዘንብላ ያዘችው። ጣቷን ከቀኝ ጆሮ አስነስታ በግንባሩ ላይ አስኬደችው። ወረቀት ነው፣ የሚዳሰስ ነገር የለውም፤ ጣቷ ግን በእያንዳንዱ ላይ እየቆመ ይሄድ ነበር። ባዶዋ ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ። አሮጊቷ ሳቀች። ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ነው የሳቀችው። የራሷን ግንባር ነካ አድርጋ ለልጅቷ እየሳቀች አወራቻት።

«የሁለታችንም ምልክት የወጣው በአንድ ቀን ነው ትላለች» አለችኝ ልጅቷ፣ እሷም እየሳቀች፣ እንባዋም እየወረደ። «እናቴ እዚህ ጋ ሲደርሱ ተወራጨች፣ ቦታዋን ዘለሏት። እጇን ይዛት የነበረችው ይቺው አክስቴ ናት።»

ደስ አለኝ፤ ልዋሽ አልችልም፣ ክፉ ደስታ ነው የተሰማኝ። ዞር ብዬ መሪያችንን ፈለግኋት። ወንበሯ ላይ አቀርቅራለች። ለእሷም ለካስተሙ ሰውዬም የምላቸውን በልቤ አሰካክቼ ጨረስኩ፤ አንድም የሚተርፍ ስድብ አልነበረኝም።

ሳቁ ቆመ። አሮጊቷ ፎቶውን ጭኗ ላይ አደረገችና ቀና ብላ ድንኳኑን አየች። ወንበሮቹን አየች፣ ወንበሮቹ ላይ የተቀመጠውን ሰው አየች፣ የልጅቷን ጥቁር ልብስ አየች። ከዚያ ለልጅቷ አንድ አጭር ነገር ተናገረች።

«ምን አለች?» አልኩ።

«መቼ ነው የሞተችው? አለች።»