በሮዘንዳ እጅ የተላከከ ጥፋት

እኛ ፊሊፒንስ ውስጥ፣ ኢሎኢሎ ከተማ የተኩስ ሜዳ ላይ ሽጉጥ ሲነክስ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ተኳሹ ነው። የእጁ አንጓ ከላላ ባዶው ቀለሃ በደንብ ሳይወጣ ይቀረቀራል እንላለን። እውነትም ያጋጥማል። ግን ለእኛ ለወንዶቹ ይህ ምክንያት ከልክ በላይ ተስማምቶናል፤ በተለይ ተኳሿ ሴት ስትሆን።

ማኖንግ፣ ማለትም ታላቅ ወንድም፣ ብለን የምናከብራቸው ሴልሶ የሜዳችን ሽጉጥ ጠጋኝ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሞላ ሲቀይሩና ብረት ሲሞርዱ የኖሩ፣ ቃላቸው የማይታጠፍ ሰው። የሮዘንዳን የውድድር ሽጉጥ ያዘጋጁት እሳቸው ናቸው፤ ትልቁን አዲስ ባለ ቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያም ከላዩ ያሰሩላት እሳቸው። ሮዘንዳ ዓሣ ነጋዴ ናት። ሴቡ ከተማ ለሚካሄደው ውድድር ከቡድናችን ጋር ልትሄድ ስትለማመድ ቀለሃው ይቀረቀርባት ጀመርና አመጣችላቸው። ማኖንግ ሽጉጡን ሳይፈቱ፣ አንድ ጥይት እንኳ ሳይተኩሱበት እጇን አዩና ሁላችንም በተሰበሰብንበት፣ «ሽጉጡ ጤነኛ ነው። በኑድል ነው እንዴ የምትይዢው?» አሏት። ሁላችንም ሳቅን።

ከዚያ ወዲያ ሮዘንዳ ገበያ ላይ የዓሣ ባልዲ በአንድ እጇ አንጠልጥላ መዋል ጀመረች፤ አንጓዬ ይጠንክር ብላ። አንጓዋ አበጠ፣ በፋሻ ጠቀለለችው። ሽጉጡ ግን መንከሱን አልተወም።

አንድ ጠዋት ማኖንግ ሊያጸዱት ተቀብለው ሲገለብጡት ከማነጣጠሪያው ማሰሪያ ሥር ቢጫ ጭረት አዩ። የቀለሃው ናስ ነው። ባዶው ቀለሃ ሲስፈነጠር እሳቸው ካሰሩት ብረት ጋር እየተላተመ ወደ ውስጥ ይመለስ ኖሯል። ቀለሃውን የምትገፋውን ትንሽ ብረት ጫፏን ቢሞርዷት ወደ ጎን ዝቅ ብሎ ይወጣል፤ ሻይ ጠጥተው እስኪጨርሱ የሚያልቅ ሥራ ነው። ሞረዷት። ጭረቱንም በጨርቅ ጠረጉት። ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ሮዘንዳ ስትጠይቃቸው ገና አላለቀም እያሉ መለሷት፤ ሽጉጡን ሲሰጧት ምን እንደሚሏት አላወቁም፣ አፍረዋል።

የቡድኑ አባላት ስም በሚታወጅበት ዕለት ሁላችንም ባቾይ የሚባለውን የኑድል ሾርባ እየበላን ሳለ ሮዘንዳ ተነሣች። እጇ እምቢ ስላላት ቦታዋን ለሌላ እንደምትለቅ ተናገረች። ማኖንግንም ሳይሸነግሉ እውነቱን ስለነገሯት አመሰገነች።

ማኖንግ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ፊታቸው ቀልቶ ነበር።

«እጅሽ ምንም አልሆነም፣ ልጄ» አሉ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። እኔ ያሰርኩት ብረት ነው ቀለሃውን የሚመልሰው። አስተካክዬዋለሁ፣ አትልቀቂ።»

ማንም አልሳቀም። ሮዘንዳ ወደ እሳቸው ዞራ፣ «መቼ ነው ያወቁት፣ ማኖንግ?» አለች።

«ባለፈው ሳምንት።»

«እኔ ዛሬ ጠዋትም ባልዲ ሳነሣ ነበር» አለች። ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

እኔ ያን ሳቃችንን አስታውሼ መሬት ቢውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሮዘንዳ ሴቡ ሄደች፤ ሽጉጡም አንድ ጊዜ እንኳ አልነከሰባትም። አሁንም የምታስጠግነው ነገር ሲኖራት ወደ ማኖንግ ትመጣለች። ግን እንደ ድሮው አስቀምጣ አትሄድም። ሥራው እስኪያልቅ አጠገባቸው ቆማ እጃቸውን ታያለች፣ እሳቸውም ቀና ብለው አያዩዋትም።