የቻው ሌም አጥንት

ቻይናዊው ቻው ኪት በነጮች አገር፣ በቱላሚን ወንዝ ዳር ዕድሜውን ሲገፋ ነጮቹ ግጠው ያልጣሉት መሬት ደርሶት አያውቅም። እሱና ታላቅ ወንድሙ ሌም የተጣለውን ጠጠር እንደገና እያጠቡ ወርቅ ይለቅሙ ነበር። ከወርቁ ሥር የሚቀረውን ነጭና ከባድ አሸዋ እንደ ሌላው ሰው ሁሉ እየረገሙ ይደፉታል። በኋላ ያ አሸዋ ፕላቲኒየም ተባለና ዋጋ አወጣ። ይኼኔ ማንም ዞር ብሎ ያላየው ጠጠር ሁሉ ባለቤት አበጀ።

ሌም የሞተው ገደል ተንዶበት ነው። ኪት ከወንዙ በላይ ባለው ደልዳላ ቦታ ቀበረው። በእነሱ ወግ፣ በሰው አገር የሞተ በሰባተኛው ዓመት ከመቃብር ይወጣል፤ አጥንቱ ታጥቦ፣ በሳጥን ሆኖ ወደ እናቱ መንደር ይሄዳል። ከዚያ በፊት መቃብሩን መነካካት ነውር ነው።

አንድ ዓመት ሲቀረው ኩባንያ መጣና ደልዳላውን ያዘው። ገደሉን በውሃ ኃይል የሚንድ መድፍ ተከለ። ኪት ወርቁ የሚያዝበትን የእንጨት ቦይ ሊጠርግ እዚያው ተቀጥሮ ነበርና ባርኔጣውን አውልቆ አለቃውን ሃርግሬቭን ለመነ።

«እስከ መጪው መኸር ብቻ ይታገሡኝ ጌታዬ። እኔው ራሴ አወጣዋለሁ።»

«በቃ ጆን፣ አንነካውም።» ቻይናዊውን ሁሉ ጆን ነበር የሚለው።

ወጥ ቤት የሚሠራው ጓደኛው ሱይ ይህን ሲሰማ ሳቀበት። «የእሱን ቃል ተንተርሰህ ልትተኛ ነው? ዛሬውኑ ቆፍረህ አውጣው።»

«ወንድሜን እንደ ድንች ልንቀለው? ወግ አለን እኮ።»

«ወጉን መድፉ አያውቀውማ።»

ቃል የእምነት ዕዳ ነው ይባላል፤ ሃርግሬቭ ግን እንዲህ ያለ ዕዳ አያውቅም። በበጋው ውሃው መጉደል ሲጀምር ኪትን እንጨት እንዲያመጣ ወደ ታች ሰደደውና መድፉን ወደ ደልዳላው አዞረ።

ኪት ሲመለስ መቃብሩ የነበረበት ቦታ ባዶ አየር ሆኗል። ወደ ቦዩ ሮጠ። ወርቁን የሚይዘውን የወለሉን ርብራብ ነቃቅሎ በጥፍሩ ቧጠጠ። ወርቁ አለ፣ ከወርቁ ጋር የሚቀረው ከባድ ጥቁር አሸዋ አለ፣ ፕላቲኒየሙም አለ። ቦይ የሚያስቀረው የከበደውን ነው፤ አጥንት ቀላል ነው። የጣት አንጓ እንኳ አላገኘም።

«ጥሩ አጥበናል፣ አይደል ጆን?» አለ ሃርግሬቭ ከኪት ጀርባ ብቅ ብሎ።

ኪት አካፋውን አነሳ። ሱይ ከኋላ ጨምድዶ ያዘው እንጂ የሰውየውን አናት ይፈረክሰው ነበር። ያን ቀን ባለመምታቱ እስኪሞት ድረስ ይቆጨው ነበር። ማንንስ አይቆጨው!

በመኸር አጥንት ሰብሳቢው ሽማግሌ ዩንግ ሳጥኖቹን በበቅሎ ጭኖ መጣ። አጥንቱ ለጠፋ ሰው ባዶ ሳጥን ይላካል፤ ነፍሱ ተጠርታ ትገባበታለች። ኪት ጠጠሩ ላይ ቆሞ ድምፁ እስኪዘጋ የወንድሙን ስም ጠራ። ሽማግሌው ብሩሹን ቀለም ውስጥ ነከረ።

«ወንዝ ወሰደው ብዬ ልጻፍ?»

«ወንዝ አልወሰደውም አጎቴ። ሰዎች ናቸው። ስማቸውን ይጻፉ። ቃል ሰጥተው እንደነበርም ይጻፉ።»

«ልጄ፣ የሳጥኑ ፊት ጠባብ ነው። ስሙንና መንደሩን ብቻ ነው የሚይዘው።»

ኪት ክዳኑን ከፈተ።

«ውስጡ ባዶ ነው፤ እዚያ ይጻፉት» አለ።