የመጥረጊያው ትልቅ ቀን

ሰፈሩ «መጥረጊያ» ይለዋል፤ የከተማው አስተዳደር ሾፌር ነው። የከበረ እንግዳ በመጣ ቁጥር የጎዳና ልጆችን በጭነት መኪናው ጠራርጎ ከከተማ ውጭ ይደፋል። ልጆቹ እንግዳው ሻንጣውን ሳይፈታ ይመለሳሉ። እሱ ግን ደረቱን ነፍቶ፣ «እኔ ባልኖር ይህቺ ከተማ በልጅ ትሰምጥ ነበር» ይላል። የራሱንም ድርሻ አዋጥቷል፤ «ለአንድ ቤት ሁለት ወንድ ይበዛል» ብሎ የሚስቱን ልጅ ወደ ጎዳና አባሮታል። እናቲቱ «አላየኸውም?» ባለች ቁጥር፣ «ሁሉም አንድ መልክ ነው፤ ያንቺን በምን ልለየው?» ይላታል።

ዘንድሮ ስለ ጎዳና ልጆች ታላቅ ጉባኤ ተጠራ። እንግዳ ስለሚመጣ መጥረጊያ እንደ ልማዱ ከዋዜማው ጠረገ። በነጋታው አበባው፣ ባነሩ፣ ጥናት አቅራቢው ሁሉ ተገኘ፤ መድረክ ላይ የሚቆም ልጅ ግን ለመድኃኒት ጠፋ።

«የት ገቡ?» አሉ የጉባኤው ሊቀ መንበር፣ ላብ በላብ ሆነው።

«ጠረግኋቸው፣ ጌታዬ።»

«እና ምን ይገትርሃል? ሂድ አምጣቸው።»

ከደፋቸው ቦታ ሲደርስ፣ መጀመሪያ መኪናው ላይ ዘሎ የወጣው ያው የእንጀራ ልጁ ነበር።

«ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ መላሽ ሆንክ?»

«አፍህን ዝጋ» አለው መጥረጊያ።

መድረክ ላይ ሊቀ መንበሩ የልጁን ራስ እየደባበሱ «ምን ትፈልጋለህ፣ የኔ ልጅ?» አሉት።

«እናቴ ጋ መሄድ።»

«ማን ከለከለህ?»

«ባሏ።»

አዳራሹ በመሐረብ ነጣ። ሊቀ መንበሩ «አሁኑኑ እናደርሰዋለን» ብለው ካሜራ አስከትለው ሚኒባስ ውስጥ ገቡ። መሪውን የያዘው መጥረጊያ «ሰፈሩን አላውቀውም» ሲል ማለ። ግን እጁ ለምዶበት፣ ልጁ «በዚህ በኩል» ሳይል በየቅያሱ እየታጠፈ ከገዛ ቤቱ ደጃፍ ቆመ።

እናት ወጥታ ልጇን አቅፋ ስታለቅስ ሊቀ መንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እህቴ፣ ያ አረመኔ የት ነው ያለው?»

በአገጯ መሪውን ወደያዘው ሰው ጠቆመች።

«ሾፌሩን አይደለም፣ ባልሽን ነው።»

«እሱኑ ነው የምልዎት።»

ካሜራው ዝቅ አለ። ሊቀ መንበሩ መጥረጊያን አዩት፤ ቀጥሎ ሰዓታቸውን። ሌላ ሾፌር የለም፤ ምሳው ደግሞ ሆቴል ነው።

«ይሄ የቤተሰብ ጉዳይ ነው» አሉ ወንበራቸውን እያመቻቹ። «ጣልቃ አንገባም። ንዳ።»

እናት ማንንም አላመሰገነችም። ልጇን ይዛ ገባችና በሩን ከውስጥ ቀረቀረችው። መጥረጊያ የመቀርቀሪያውን ድምፅ ሰምቶ ዞር አለ። ከኋላ ወንበር አንዱ «ቶሎ በል እንጂ ወንድሜ፣ ምግቡ ይቀዘቅዛል» አለው።