በኛ ነው በፈረንጅ?

አጎቴ ቀን ሲነገራቸው መጀመሪያ የሚጠይቁት «በኛ ነው በፈረንጅ?» ብለው ነበር። ፈረንጅ አገር፣ ቴምፕል በሚባል ሰፈር ባለው የልጃቸው ቤት ግድግዳ ላይ የኛን ካላንደርና ኔፓላዊው ጎረቤት የሰጣቸውን የሀገሩን ካላንደር ጎን ለጎን ሰቅለው ነበር። «እሱ ከፈረንጅ ቀድሟል፣ እኛ ወደ ኋላ ቀርተናል፤ ሺፍት የሚያወጣልን ግን መሀል ያለው ነው!» እያሉ ከጎረቤቱ ጋር ይስቁ ነበር።

ልጃቸው የተቀጠረበት የነዳጅ ሥራ ጦፎ ስለነበር ሁልጊዜ ኦቨርታይም ላይ ነው። «አባባ፣ ቀን የሚቀይር አፕ ዳውንሎድ አድርጌልዎታለሁ እኮ» ብሎ ይወጣል።

ሲሞቱ የልደታቸውን ዓመት ከመጽሐፍ ቅዱሳቸው ላይ በኛ እንደተጻፈ ገለበጠና የሞቱበትን በፈረንጅ አድርጎ መቃብራቸው ላይ አስቀረጸ። ማን ይጠይቀው? ካላንደሮቹ በነበሩበት ምስማር ላይ ዛሬ የመኪና ቁልፍ ተሰቅሏል።

በሕይወት ሳሉ አንድ ቅዳሜ ያልሰጣቸው ልጅ፣ ድንጋይ ላይ ስምንት ዓመት ጨመረላቸው።