አክስቴ ዛፍ ልታይ የሄደች ጊዜ

አክስቴ አርምጋር እስከ ስድሳ ዘጠኝ ዓመቷ ድረስ በሰሜን አትላንቲክ ካሉት ከፋሮ ደሴቶች ወጥታ አታውቅም ነበር። ፈርታ አይደለም፤ ጊዜ አጥታ ነው። በጸደይ በጎቹ ይወልዳሉ፣ በበጋ ሣር ይታጨዳል፣ በጥቅምት እርድ አለ። ሥራ የሚቀዘቅዘው ጨለማው ሲረዝምና ባሕሩ ሲቆጣ ብቻ ነው፤ ያኔ ደግሞ ማን ይጓዛል?

እኔ የወንድሟ ልጅ ነኝ። ኮፐንሃገን ለትምህርት ሄጄ እዚያው ነርስ ሆኜ ቀረሁ። ለገና መንደራችን በገባሁ ቁጥር ወጥ ቤቷ ተቀምጬ ስለ ከተማው አወራላታለሁ። የዚያን ዓመት ሹራብ እየሠራች ስታዳምጠኝ ቆየችና ድንገት መርፌዎቹን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

"በየካቲት ልምጣ?"

"ምን አልሽ?"

"ሦስት ቀን ይበቃኛል። በጎቹን ጎረቤት ያይልናል።"

ባሏ ሃኑስ የደረቀ የበግ ሥጋ በሰንጢ ስስ አድርጎ እየቆረጠ ነበር፤ ሳቀ። "በየካቲት! ሰው ብርድ ሸሽቶ ስፔን ይሄዳል፣ የኔዋ ብርድ ከፍላ ልትገዛ ነው።"

"አንተን ማን ጠራህ?" አለችው።

እኔ ወዲያው እቅድ ማውጣት ጀመርኩ። ቤተ መንግሥቱ፣ ሙዚየሙ፣ ቦዩ ዳር የተደረደሩት ባለቀለም ቤቶች፤ ሁሉንም በስልኬ ፎቶ እያሳየሁ ነገርኳት። እሷ እሺ እሺ ትላለች እንጂ ፊቷ አይፈካም። በመጨረሻ ሰለቸኝና፣ "አክስቴ፣ አንቺ ራስሽ ማየት የምትፈልጊው ምንድን ነው?" አልኳት።

ትንሽ አፈረች። "ዛፍ" አለች። "ትልልቅ ዛፍ። ብዙ ሆነው የቆሙ። መሃላቸው ገብቼ መቆም ነው የምፈልገው።"

በኛ መንደር ነፋሱ ዛፍ አያሳድግም። በድንጋይ አጥር ተከልሎ የበቀለውንም ቢሆን ራሱን ከአጥሩ በላይ ቀና ሲያደርግ ይቀጨዋል።

ሃኑስ ሰንጢውን አስቀመጠ። "ዛፍ ምን ይሠራልሻል? ቆሞ ነው የሚውለው። ቆሞ የሚውል ከፈለግሽ ያ ሥራ ፈት ያኮፕ አለልሽ፣ ከመንደሩ ሱቅ በር ላይ።"

"በዚያ ላይ ቅጠሉ ረግፏል፣ አክስቴ" አልኩ እኔም። "በበጋ ብትመጪ..."

"በበጋ ሣር አለ" አለች። ነገሩ በዚያው አለቀ። ሃኑስም ሻንጣ የሚሸከምላት ያስፈልጋታል በሚል ሰበብ ለራሱ ትኬት ቆረጠ።

የካቲት ደረሰ። ጭጋጉ አውሮፕላኑን አንድ ቀን ሙሉ አስቀረውና ሦስቱ ቀን ሁለት ሆነ። በስልክ፣ "እንግዲህ የቱን እንተው?" ስላት፣ "ዛፉን ብቻ አትተዪብኝ" አለችኝ።

ስለዚህ ገና በገቡ በማግስቱ ጠዋት፣ ከከተማው በስተሰሜን አጋዘን ወደሚኖርበት ደን በባቡር ወሰድኳቸው። ሌሊቱን በረዶ ጥሎ ነበር። በደኑ ቀይ በር ስንገባ ሃኑስ አሁንም ይቀልዳል፤ "ቀስ እያላችሁ፣ ዛፎቹ ደንብረው እንዳይሮጡብን!"

ከዚያ ዛፎቹ መጡ። ግራጫ፣ ለስላሳ ግንድ፣ ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፈው። ቅርንጫፎቹ ከላይ ተጠላልፈው፣ በያንዳንዱ ላይ በረዶ ተጋድሞ። አክስቴ ጓንቷን አወለቀች። ምጥ የያዛትን በግ ስትዳብስ እንደማውቃት መዳፏን ቀስ ብላ ግንዱ ላይ አሳረፈች። እንባዋ ሲወርድ አልጠረገችውም።

ነፋስ ተነሣ። ነፋስ ለኛ እንግዳ አይደለም፤ ጣራ ሲነቅል፣ በግ ገደል ሲጨምር እያየን ነው ያደግነው። ይሄኛው ግን ከሩቅ ጀምሮ፣ ዛፎቹ እየተቀባበሉት መጣ፣ ከራሳችን በላይ እንደ ባሕር ተመመና አለፈ። እኛን ግን አልነካንም። በረዶው ብቻ ብናኝ ሆኖ ወረደብን።

"ሃኑስ፣ ሰማህ?" አለች በሹክሹክታ።

ዞር ስል ሃኑስ ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዞ፣ ሽቅብ እያየ ቆሟል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ አጠገቡ ካለው ሰው ጋር የሚያወራ ሰው ነው።

"እነዚህ እኮ" አለ በመጨረሻ፣ "አያቴ ሳይወለድ እዚህ ቆመው ነበር።"

"ከአያትህም በፊት" አልኩት።

"ነፋሱም ምንም አላደረጋቸውም።" ለራሱ ነበር የሚናገረው።

እግራችን እስኪደነዝዝ ዞርን። ስንመለስ ባቡር ውስጥ ሃኑስ፣ "ደኑ ስንት ሰዓት ነው የሚዘጋው?" ሲል ጠየቀኝ።

"አይዘጋም።"

"ሌሊትም?"

"ሌሊትም።"

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። "ሰው ሳያያቸው ሌሊቱን ሁሉ እንደዚያ ሆነው ያድራሉ ማለት ነው" አለ። አክስቴ ክንዱን ያዘች።

በማግስቱ ለሙዚየሙ ትኬት ልቆርጥ ስል ሁለቱም ጫማቸውን አጥልቀው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። የት እንደሚሄዱ አልጠየቅኳቸውም፤ ካፖርቴን ብቻ አነሣሁ። ቤተ መንግሥቱን እስከ ዛሬ አላዩትም።